በመግቢያው ላይ የተሰቀለው ቁጥር

ሰውየው በመዝገብ ላይ ያለው ስሙ ሌላ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ግን «ጠርጥር» ነበር የሚለው። ከተረቱ ግማሹን ወስደው ሰጡት፤ የቀረውን ግማሽ ሰው ሁሉ በልቡ ይጨርሰዋል። እሱም ቅር አላለውም። ሃያ አራት ዓመት የኮምፒውተር አዳራሽ ማቀዝቀዣ የጠበቀ ሰው ካልጠረጠረ ምን ሊሠራ ነው?

አዳራሹ ከኢንሹራንስ ድርጅቱ ዋና ሕንጻ ጀርባ፣ ምድር ቤት ላይ ነው። መስኮት የለውም። ቁም ሣጥን የሚያህሉ ጥቁር ሣጥኖች በስምንት ረድፍ ቆመዋል፤ በየሣጥኑ ሆድ ውስጥ ሰርቨሮች ተደርድረዋል። ውል፣ ካሳ፣ የመኪና ሰሌዳ፣ የወራሽ ስም፣ ድርጅቱ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ሰርቨር ሲሠራ ይግላል፤ ግሎ ካልቀዘቀዘ ይሞታል። የጠርጥር ሥራ እንዳይሞት መጠበቅ ነበር። አራት ትልልቅ ማቀዝቀዣዎችና ሁለት የውሃ ፓምፖች በእጁ ናቸው። የእያንዳንዳቸውን ድምፅ እንደ ሚስቱ ሳል ለይቶ ያውቀዋል።

ከዓመታት በፊት አንድ ቀን አዳራሹ ውስጥ ገብቶ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና «ወለሉ ሥር ውሃ አለ» አለ። ሳቁበት። ወለሉ ከፍ ተደርጎ በሰሌዳ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ የመብራት ገመድ እንጂ ውሃ የለም አሉት። እሱ ግን የነገሩትን አምኖ አልሄደም፤ ተንበርክኮ አንዱን ሰሌዳ ፈልቅቆ አነሳው። ሁለት ጣት የሚሞላ ውሃ ከገመዱ በታች ተኝቷል። አንድ ቧንቧ ለሳምንታት ሲያለቅስ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ፊት ለፊቱ የሚስቅ ሰው ጠፋ።

መሥሪያ ቤቱን ያዳነው ይኸው ጠባይ ቤቱን ግን አላሳረፈም። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ከባድ የስፌት መኪናዋን ተክላ ትሠራለች። ወተቱን ሁለት ጊዜ ያሸታል፣ የጋዙን መክፈቻ ሦስት ጊዜ ይነካል። ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጁ ስትደውል ደግሞ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ዛሬ ድምፅሽ ምነው ደስ አለው? ምን ደብቀሽኝ ነው?» ይላታል።

«አንተ ሰውዬ» ትለዋለች ሚስቱ፣ «ጥላህ ቀድሞህ ቢሄድ ወዴት ነው ብለህ ታስቆመዋለህ።»

«ወዴት እንደሚሄድ ካላወቅሁ አስቆመዋለሁ» ይላታል፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ኢንጂነሯ የመጣችው ሰኞ ጠዋት ነው። ዕድሜዋ ከልጁ ብዙም አይበልጥም። የላካት የድርጅቱ ቦርድ ነው ተባለ። አዳራሹ ብቻውን ሕንጻው ከሚጠቀመው መብራት ከግማሽ በላይ ይበላል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የጄኔሬተሩ ጭስ ተግተልትሎ አጥር ተሻግሮ የመዋዕለ ሕፃናቱ መስኮት ላይ ያርፋል። ቦርዱ በአንድ ዓመት ውስጥ የአዳራሹ ፍጆታ በሲሶ ይቀንስ ብሎ ወስኗል። ወሳኞቹ ላይ ናቸው፤ ሥራው ግን የእሷ ነው።

በስስ ሸሚዝ አዳራሹ ገብታ ሩብ ሰዓት ቆየችና ክንዷን እያሻሸች ወጣች።

«ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ብርድ ለማን ነው?»

«ለማሽኖቹ ነዋ።»

«እነሱ ጠይቀዋል?»

ቀልድ ይሁን ንቀት አልገባውም። «አሥራ ስምንት ዲግሪ ነው። ከተሠራ ጀምሮ አሥራ ስምንት ነው» አላት።

«ሃያ አምስት ቢሆን ምን ይመጣል?»

«ይሞታሉ።»

«የሠሪዎቹ መጽሐፍ እስከ ሃያ ሰባት ይችላሉ ይላል እኮ።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው እዚህ መጥቶ አያድርማ።»

ሳቀች። ሳቋ ነው ይበልጥ ያስጠረጠረው። የሚሳቅ ነገር አልተናገረም፤ ታዲያ ምን አሳቃት? ከዚያች ቀን ጀምሮ ዐይኑን ተከለባት።

ሥራ ታውቃለች፤ ይኼን ሊክድ አልቻለም። ጭስ የሚተፋ ትንሽ ዱላ ይዛ በረድፎቹ መካከል እየተዘዋወረች አየሩ ወዴት እንደሚሄድ አሳየችው። ከፊት የሚገባው ቀዝቃዛ አየርና ከኋላ የሚወጣው ሙቅ አየር በሣጥኖቹ አናት ላይ ተገናኝተው እንደ ገበያ ሰው ይጋፋሉ። «ግማሹን ብርድ የምንሠራው ሙቀቱ እንዲጠጣው ነው» አለች። ረድፎቹ ጫፍ ላይ የፕላስቲክ መጋረጃ ይንጠልጠል፣ ባዶ ቦታዎቹ በክዳን ይደፈኑ አለች። ቀጥላ የሰርቨሮቹን ሥራ አንድ በአንድ ስትመረምር ሠላሳ አንዱ ምንም የማይሠሩ ሆነው ተገኙ። አንደኛው ከስድስት ዓመት በፊት የተዘጋ ቅርንጫፍ መዝገብ የያዘ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ መብራት እየበላ፣ እየጋለ፣ ጠርጥርም እያቀዘቀዘው፣ አንድም ሰው አንዲት ጥያቄ ጠይቆት የማያውቅ ማሽን።

ጠርጥር አፈረ። ጎረቤቱን፣ ወተቱን፣ የልጁን ድምፅ ሲጠረጥር የኖረ ሰው፣ ድምፁን አሳምሮ የሚሠራን ማሽን አልጠረጠረም። ግን እፍረቱን ወዲያው በሌላ ጥርጣሬ ሸፈነው። ዛሬ ሰርቨር አጠፋች፤ ነገ ማቀዝቀዣ ታጠፋለች፤ ከነገ ወዲያስ ማቀዝቀዣ ጠባቂው ምን ሊሠራ ነው? ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ለሦስት ዓመት ብላ የምትምረው ሴት አልመሰለችውም።

አንድ ቀን ከሥራ ወደ ቤቱ ሲገባ ኢንጂነሯን ሳሎኑ ውስጥ አገኛት። ከሚስቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ወለሉ ላይ እንደ ውሃ የሚያበራ ወፍራም ፕላስቲክ ጥቅል ተዘርግቷል።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ» አለች ብድግ ብላ። «መጋረጃውን ከውጭ ብናዝዝ ሦስት ወር ይፈጃል አሉን። ከባድ መኪና ያላት ሰፊ ማን አለ ብዬ ስጠይቅ ጥበቃው ወደዚህ ላከኝ። የእርስዎ ቤት መሆኑን በር ላይ ነው ያወቅሁት።»

እንግዳን በቤት አይቆጡም፤ ሰላምታዋን መለሰላት። እንደሄደች ግን በሩን ዘግቶ «ቤቴ ድረስ ገባች!» አለ።

«መጋረጃ ልታሰፋ ነው የገባችው» አለች ሚስቱ መርፌውን በዐይኗ እየለካች።

«ስለ እኔ ምን ጠየቀችሽ?»

«ምንም።»

«ምንም? ምንም ሳትጠይቅ? ይኼ ነው የሚያሳስበው።»

«ወይ ጉድ! ብትጠይቅ ሰለለች ልትል፣ ባትጠይቅ ደበቀች ልትል። ልጅቷ ጨዋ ናት።»

«ጨዋ ሌባ የለም?»

ሚስቱ መኪናዋን ረግጣ ፕላስቲኩን መንዳት ጀመረች።

መጋረጃው ተሰቀለ። ኢንጂነሯ ሙቀቱን በየሳምንቱ በአንድ ዲግሪ ከፍ አደረገችው። ጠርጥር እንደ አስታማሚ ሰርቨሮቹ አጠገብ እየቆመ የመጀመሪያውን ሟች ጠበቀ። ሃያ ዲግሪ ሆነ፤ የሞተ የለም። ሃያ ሦስት ሆነ። ሃያ አምስት ሲሆን አንደኛውን ማቀዝቀዣ ጭራሽ አጠፋችው፤ ሰርቨሮቹ እንደ ወትሮው አረንጓዴ መብራታቸውን እያርገበገቡ ሥራቸውን ቀጠሉ። ግማሽ ልቡ ደስ አለው፤ ሌላው ግማሽ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንዷ እንኳ ብትሞት በወደደ።

እሱ ዘንድ አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር አለ። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ የማቀዝቀዣዎቹ መብራት የሚገባበትን ሣጥን ይከፍትና፣ መቆንጠጫ የመሰለውን የእጅ መለኪያውን በሦስቱ ወፋፍራም ሽቦዎች ላይ እያጠለቀ ያነባል፤ ያነበበውን ወደ ኪሎዋት አስልቶ በእርሳስ ይጽፋል። ማንም አላዘዘውም። ልማዱ ነው። ኢንጂነሯ ከመምጣቷ በፊት ማቀዝቀዣዎቹ ዘጠና ኪሎዋት ይበሉ ነበር። መጋረጃው ከተሰቀለ፣ ሙቀቱም ከፍ ካለ በኋላ ስድሳ ሆነ። ስድሳን ሲጽፍ እጁ ለአፍታ ቆም አለ፤ ትልቅ ነገር ነበርና።

በስምንተኛው ወር በሕንጻው መግቢያ ላይ፣ ባለጉዳዮች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ፣ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ። በአረንጓዴ ጀርባ ላይ ቅጠል ተሥሎበታል፤ ከሥሩ «የኮምፒውተር አዳራሻችን የኃይል ፍጆታ በሠላሳ አምስት በመቶ ቀንሷል» ይላል። የሕንጻ ኃላፊው፣ ሲናገር ከረባቱን የማስተካከል ልማድ ያለው ፈገግተኛ ሰው፣ ሠራተኞቹን ሰብስቦ አጨበጨበ። የማስታወቂያ ክፍሉ ዜና አወጣ። ሌሎች ድርጅቶች ለጉብኝት እንምጣ አሉ።

ጠርጥር ስክሪኑ ፊት ቆሞ ጣቶቹን አጣጠፈ። አዳራሹ በሙሉ መጀመሪያ ሁለት መቶ አርባ ኪሎዋት ይበላ ነበር። የሰርቨሮቹ ድርሻ ከመቶ ሃምሳ ወደ መቶ ሠላሳ አምስት ወርዷል። የማቀዝቀዣው በእሱ ደብተር ስድሳ ነው። ሲደመር መቶ ዘጠና አምስት። ይኼ አሥራ ዘጠኝ በመቶ ነው የሚሆነው። ሠላሳ አምስት ከየት መጣ?

ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሄዶ ዝርዝሩን በኮምፒውተር አየ። የሰርቨሮቹ ልክ ነው። የማቀዝቀዣው ግን ሃያ ይላል። ሃያ! ሦስት ማቀዝቀዣ በሃያ ኪሎዋት የሚያሠራ ሰው ቢገኝ ጠርጥር ራሱ ሄዶ ጫማውን በጠረገለት።

«አገኘኋት» አለ በልቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢንጂነሯን እግር ተከተለ። ወደ መብራት ሣጥኑ ክፍል ብቻዋን ስትገባ ሁለት ጊዜ አያት። አንዴ ከመብራት ሣጥኑ ፓኔል ፊት ቆማ በስልኳ ፎቶ ስታነሳ ደረሰባት፤ ስልኩን ቶሎ ኪሷ ከተተችው። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ዐይኗን ከዐይኑ ሳትነቅል፣ «ጋሼ፣ የዚህ ክፍል ቁልፍ ስንት ሰው ጋ አለ?» አለችው።

«እርስዎ፣ እኔና የሕንጻ ኃላፊው ጋ።»

«ሦስት ብቻ?»

«ሦስት ብቻ።»

«እሺ» ብላ ሄደች። ሊይዛት የሚችለውን ሰው እየቆጠረች ነው ብሎ ደመደመ።

ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ሕንጻ ኃላፊው ወጣ። ኃላፊው ወንበር ጋበዘው፤ ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች አየ።

«ወንድሜ፣ ይኼ እርሳስ ነው» አለው።

«እርሳስ ቢሆንስ አለቃ?»

«ያኛው ደግሞ በሰከንድ አንዴ የሚያነብ ዘመናዊ ቆጣሪ ነው። አንተ በቀን አንዴ ትለካለህ። የትኛውን ልመን?»

«ሁለቱንም አይመኑ። ወርደው ይዩ።»

ኃላፊው ከረባቱን አስተካከለ። «አየህ፣ ቁጥር ሲያምር አይቆፈርም። ሲከፋ ነው የሚቆፈር። እኔ አየዋለሁ፤ አንተ ሥራህን ሥራ። ለማንም እንዳታወራ ታዲያ።»

ሳምንት አለፈ፤ የመጣ የለም። ሁለት ሳምንት አለፈ። ጠርጥር እህል አልበላ አለው። ኃላፊውና ኢንጂነሯ አብረው ናቸው? ነገሩ ሲፈነዳስ በማን ላይ ሊደፈደፍ ነው? ከሦስቱ ቁልፍ ያዦች መካከል እጁ ዘይት የነካው እሱ ብቻ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይኼ ነው።

ረቡዕ ቀን፣ ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቶ ሕንጻው ጭር ባለበት ሰዓት፣ ወደ መብራት ሣጥኑ ክፍል ቢገባ በሩ ገርበብ ብሏል። ኢንጂነሯ የማቀዝቀዣዎቹን ፓኔል ክዳን ከፍታ በእጅ ባትሪ እያበራች ትመለከታለች።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ።

ደንግጣ ዞረች። ግን የፈራች ሳይሆን ስትጠብቀው የኖረች ትመስላለች። «እርስዎስ? በምሳ ሰዓት እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«እኔ በየቀኑ እገባለሁ!»

«እሱን አውቃለሁ። በየቀኑ እዚህ ፓኔል ውስጥ እጅዎን እንደሚከቱ አውቃለሁ። ከመጣሁ ጀምሮ ሥራው እንዳይሳካ ሲመኙ እንደነበርም አውቃለሁ።» ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችለት፤ በላዩ እንደ ደረጃ የሚወርድ መስመር ተሥሏል። «ማቀዝቀዣው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ስድሳ ወረደ። ይኼ ሥራችን ነው። ከዚያ የዛሬ ሦስት ወር፣ ሐሙስ ቀን ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከስድሳ ወደ ሃያ ወደቀ። በአንድ ሰዓት! እንዲህ ያለ ነገር በተፈጥሮ የለም። አንድ ሰው ቆጣሪውን ነክቷል። ቁጥሩን አሳምሮልኝ፣ ዓለም ሁሉ ካጨበጨበ በኋላ ሊያጋልጠኝ የፈለገ ሰው።»

ጠርጥር ሰው ሲጠረጥር እንጂ ሲጠረጠር አልኖረም። ደብተሩን አወጣና በእጇ ላይ ጣለው ማለት ይቀላል። «እኔ ነኝ እርስዎን ስጠብቅ የከረምኩት! ይዩ! ስድሳ! ስድሳ! ስድሳ አንድ! ስድሳ! አንድም ቀን ሃያ ጽፌ አላውቅም። ውሸታሟ እርስዎ ነዎት ብዬ ለኃላፊው ተናግሬያለሁ።»

«ለኃላፊው?»

«ሁለት ሳምንት አለፈው።»

ኢንጂነሯ ደብተሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። «እኔም ስለ እርስዎ ከነገርኩት ወር ሆነ። ሰውዬውን እከታተለዋለሁ፤ ዝም በይ ብሎኝ ነበር።»

 ከላይ የተቀመጠው ፈገግተኛ ሰው ሁለቱንም ሰምቶ፣ አንዱን ለሌላው ሳይናገር፣ ቁጥሩን መግቢያው ላይ እንደተሰቀለ ትቶታል።

«ሐሙስ ምን ነበር?» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጠርጥር የደብተሩን ገጽ ወደ ኋላ ገለጠ። ከቀኑ አጠገብ በራሱ የእጅ ጽሑፍ «ፓምፕ ተቀየረ» ይላል።  ባትሪውን ከእጇ ተቀብሎ ተንበረከከ።

ቆጣሪው መብራቱን የሚያነበው በሦስቱ ሽቦዎች ላይ በተጠለቁ ሦስት ጥቋቁር ቀለበቶች ነው። በየቀለበቱ ላይ ትንሽ ቀስት አለች፤ ቀስቷ መብራቱ ወደሚሄድበት ማመልከት አለባት። አንዱ ቀለበት ተገልብጦ ከተጠለቀ ቆጣሪው በዚያ ሽቦ የሚያልፈውን በመደመር ፈንታ ይቀንሰዋል፤ ሃያና ሃያ ተደምሮ ሃያ ሲቀነስ ሃያ ይቀራል። የጠርጥር የእጅ መለኪያ ግን አቅጣጫ አይለይም፤ ምን ያህል እንዳለፈ ብቻ ነው የሚናገረው። ለዚህ ነው ደብተሩ ያልተሳሳተው።

የመጀመሪያው ቀስት ወደ ታች። ሁለተኛው ወደ ታች። ሦስተኛው ወደ ላይ።

ያን ሐሙስ አስታወሰው። መብራቱን አጥፍቶ፣ በጎኑ ተኝቶ፣ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ነበር። የአዲሱ ፓምፕ ገመድ አላልፍ ሲለው ሦስተኛውን ቀለበት አወለቀ፣ ገመዱን አሳለፈ፣ ቀለበቱን መልሶ አጠለቀ። ቀስቷን ያያት አይመስለውም። ማንም አብሮት አልነበረም። የፓምፑ ሻጭ የላከው ኤሌክትሪሺያን በዚያው ሰዓት ከእሱ ቀጥሎ መጥቶ እዚያው ሣጥን ውስጥ አንድ ማብሪያ ገጥሞ ነበር። እሱ ነው ቢል የሚከራከረው የለም። ሰውየው ሌላ አገር ሄዷል ይባላል።

ተንበርክኮ እንዳለ ጣቱን በተገለበጠችው ቀስት ላይ አኖረ። 

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ቀለበቱን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ፓምፑን ስቀይር።»

ኢንጂነሯ በጥርጣሬ አየችው። «ማን አዘዘዎት?»

«ማንም። ተሳስቼ ነው።»

«ሃያ አራት ዓመት የሠራ ሰው?»

«ሃያ አራት ዓመት የሠራ ሰው» አለ፣ ወደ መሬት እያየ። እንዳላመነችው ገባው። እሱም በእሷ ቦታ ቢሆን አያምንም ነበር።

አብረው ወደ ሕንጻ ኃላፊው ወጡ። ኃላፊው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ፈገግታው ለአንዲት ቅጽበት ጠፍታ ተመለሰች። ነገሩን ሰማ፤ በሩን ዘጋ።

«እንግዲህ ስሕተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል» አለ። «ግን ዜናው ወጥቷል። ጎብኚ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ቀለበቷን እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንተዋት። ከዚያ በጥገና ስም ትስተካከላለች፤ ቁጥሩም ቀስ ብሎ ከፍ ይላል። ማን ተጎዳ?»

«የሌለውን ቁጠባ እንዳለ አድርገን ስንናገር ነው የምንኖረው?» አለች ኢንጂነሯ።

ኃላፊው ወደ ጠርጥር ዞረ። «አንተስ ወንድሜ? ጡረታህ ስንት ቀረው?» ይህን ያለው በለሆሳስ፣ እንደሚያዝን ሰው ሆኖ ነው።

ጠርጥር ቤቱ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። ሚስቱ የያዘችውን ቀሚስ አስቀምጣ የሆነውን ሁሉ ሰማች።

«ዝም ካልኩ ውሸቱ የእኔም ይሆናል። ከተናገርኩ ሆን ብሎ ነው ይሉኛል» አላት። «ኃላፊው ቀለበቷን ዛሬ ሊያስተካክላት፣ ነገ ደግሞ ጠርጥር ነካካው ሊል ይችላል። በሁሉም በኩል ገደል ነው።»

«አንተ ጻፈው» አለች ሚስቱ።

«ምኑን?»

«እነሱ ስለ አንተ ሳይጽፉ አንተ ስለ ራስህ ጻፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የገለበጥካትን፣ ለኃላፊው የነገርክበትን ቀን። ፈርምበት። ለዋና ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ በእጅህ ስጥና ማኅተም አስመትተህ ቅጂውን ያዝ።» መነጽሯን አወለቀች። «ሰው ሁሉ ሲዋሽ ይዘህ ታውቃለህ። አሁን ራስህን ያዝና ልየው።»

በማግስቱ ጠዋት አንድ ገጽ ተኩል ጻፈ፤ በእጁ አስገባ። ከዚያ ወደ ኢንጂነሯ ሄዶ «ይምጡና ቆመው ይዩኝ» አላት። መብራቱን ለሁለት ደቂቃ አጠፋ፣ ቀለበቷን አውልቆ አዞራት፣ ቀስቷን አሳያት፣ መልሶ አጠለቃት። እሷ በስልኳ ሁሉን ቀረጸች። መብራቱ ሲመለስ በቆጣሪው ላይ ሃያ የነበረው ስድሳ ሆነ። መግቢያው ላይ ደግሞ፣ ስክሪኑ ከቆጣሪው ጋር የተያያዘ ነበርና፣ ባለጉዳዮች እያዩት ሠላሳ አምስቱ አሥራ ዘጠኝ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ጠቆረ። «ለጥገና» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት። ጠርጥርም ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታገደ።

ሦስት ሳምንት ቤት ተቀመጠ። ለሚስቱ ከፍርድ የከፋው ያ ነበር፤ የስፌቱን ጥምዝ ሳይቀር እየቆጠረ «ይቺ አትላላም?» ሲላት ከረመ።  አጣሪ ኮሚቴው ሲጠራው ሱሪውን ራሷ ተኮሰችለት።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። አንዱ ገና ከመቀመጡ «እውነት ለመናገር አንድ ባለሙያ ቀስት ሳያይ ቀለበት ያጠልቃል ብሎ ማመን ይከብዳል» አለ። የሕንጻ ኃላፊው ከጎን ተቀምጦ ጭንቅላቱን በሐዘን ነቀነቀ፤ በዚህ ሰው ላይ ከዚህ በፊትም ብዙ ሰው ቅሬታ ነበረው አለ። ጠርጥር አንገቱን ደፋ። ተራው የኢንጂነሯ ሲሆን መጨረሻው ደረሰ ብሎ አሰበ።

«ይኼን ሰው የጠረጠርኩት ከሁላችሁም በፊት እኔ ነኝ» አለች። «አሁን ግን አልጠረጥረውም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ቆጣሪውን ሆን ብሎ ያበላሸ ሰው እውነተኛውን ንባብ በየቀኑ ሦስት ወር ሙሉ በገዛ እጁ አይጽፍም።» የጠርጥርን ደብተርና የራሷን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች። «ደግሞም ለኃላፊው መጀመሪያ የተናገርኩት በዚህ ቀን ነው፤ የላክሁት ኢሜይል ይኸው። እሱ የተናገረው በዚህ ቀን ነው። ስክሪኑ ግን ጠፍቶ የተገኘው ቀለበቷ ከተስተካከለች በኋላ ነው። መጠየቅ ካለበት፣ ማን አጠፋ ሳይሆን ማን አውቆ ዝም አለ የሚለው ነው።»

 የሕንጻ ኃላፊው ከረባቱን ሊያስተካክል ፈለገ፤ እጁ መንገድ ላይ ቀረ።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። ጠርጥር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወደ ሥራው ተመለሰ። የሕንጻ ኃላፊው ወደ ሌላ ሕንጻ ተዛወረ፤ ወንበሩ ከቀድሞው የተሻለ ነው ሲሉ የሰሙ አሉ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ማስተካከያ እንዲታተም አዘዙ፤ ጎብኚዎቹ ቀሩ። የጠርጥርን ትከሻ መታ መታ ያደርጉ የነበሩ ሰዎች ኮሪደር ላይ ሲያገኙት ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። ቦርዱ ደግሞ «አሥራ ዘጠኙስ እውነት ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?» ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ጠርጥርን ሊያናድደው ይገባ ነበር። አላናደደውም። ተገቢ ጥያቄ ነው አለ።

አንድ ቀን ማቀዝቀዣዎቹ አጠገብ ሆነው ኢንጂነሯን ጠየቃት። «ለምን አዳኑኝ?»

«ወድጄዎት አይደለም» አለችው። «ደብተርዎን ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ። እንዲዋሽ ፈልጌ ነበር፤ አልዋሸም።»

መልሷን ወደደው። ከሚተማመኑ ሰዎች ንግግር ይልቅ ይኼ አነጋገር ገባው።

ሥራው ቀጠለ። ቀዝቃዛዎቹ ወራት ሲመጡ በግድግዳው ላይ ሰፊ ቀዳዳ አስከፍተው፣ ወንፊት ገጥመው፣ የውጭውን አየር በማራገቢያ ማስገባት ጀመሩ፤ ሁለት ማቀዝቀዣዎች ለሳምንታት ተኝተው ከረሙ። አዲስ ሰርቨር ይገዛ የሚል ክፍል ሁሉ አሮጌውን መቼ እንደሚያጠፋ በጽሑፍ እንዲናገር ተደረገ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ቁጥሩ ሃያ ዘጠኝ ደረሰ። ዋና ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ «ከሲሶው ምን ቀረው? ወደ ሲሶ የተጠጋ ብንልስ?» ሲሉ፣ ከጠረጴዛው ሁለት ጫፍ «አይሆንም» የሚል ድምፅ እኩል ወጣ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሁለቱ ግን አልሳቁም።

ከዚያ ወዲህ የአዳራሹ ጠቅላላ ንባብ በሁለት ሰው ይወሰዳል። አንዱ የሌላውን ሳያይ ይለካል፣ ይጽፋል፣ ወረቀቱን በፊቱ ደፍቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ሰኞ ኢንጂነሯና ጠርጥር ወረቀቶቻቸውን ገለበጡ። የእሷ መቶ ሰባ አንድ ይላል፤ የእሱ መቶ ሰባ። በዚያች በአንዷ ኪሎዋት ግማሽ ሰዓት ተከራከሩና፣ ሁለቱም ባትሪያቸውን ይዘው ወደ መብራት ሣጥኑ ክፍል ወረዱ።